ዞሮ ዞሮ ከቤት

«ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ብለው የተረቱ አባቶቻችን አውሮፕላን በሐሳባቸው አልነበረም። እኔ ግን ስለ በረራ ማንበብ ካዘወተርኩ ወዲህ ተረቱን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ማረፊያውን በዓይኑ እያየ ዞሮ ለማረፍ የሚታገል አብራሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላን በመሣሪያ እየተመራ በአንድ አቅጣጫ ወደ ሜዳው ይቀርባል፤ ነፋሱ ግን በሌላው ጫፍ እንዲያርፍ ያስገድደዋል። ያን ጊዜ አብራሪው ከደመናው በታች ሆኖ፣ ማኮብኮቢያውን ከዓይኑ ሳያጠፋ ይዞራል። እዚህ ላይ ፍጥነት ወሳኝ ነው። ክንፍ በእኩል መጠን ቢያዘነብል እንኳ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመዞሪያው ሬዲየስ አራት እጥፍ ይሆናልና!

ስለዚህ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አውሮፕላኖችን ወደ ማረፊያ ሲቃረቡ በሚኖራቸው ፍጥነት ከፋፍሏቸዋል። ዞረው ሲያርፉ «ኤ» ምድብ ከ100 ኖት፣ «ቢ» ከ135፣ «ሲ» ከ180፣ «ዲ» ከ205፣ «ኢ» ከ240 ማለፍ የለባቸውም። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ለየምድቡ በሜዳው ዙሪያ ያለው ተራራና ሕንፃ ተለክቶ ክልል ተከልሏል፤ ዝቅ ማለት የሚፈቀድበት ከፍታም ተወስኗል። ከክልሉ ለወጣ ዋስ የለውም። ማኮብኮቢያው ከዓይን ከተሰወረም ትእዛዙ አንድ ነው፦ ማረፉን ትቶ ወደ ላይ መውጣት።

ሕግ እንዲህ ጥርት ብሎ ተጽፎ ሳለ ሰው ለምን ይሞታል? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2010 የኤርብሉ ኩባንያ ኤርባስ 321 እስላማባድ ላይ ዞሮ ለማረፍ ሲሞክር ከተከለለለት ክልል ወጣና ከማርጋላ ኮረብቶች ጋር ተጋጨ። የተሳፈሩት 152 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መሬት መቅረቡን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ደጋግሞ ጮኾ ነበር። የምርመራው ሪፖርት እንደሚያስረዳው፣ ካፒቴኑ ቀደም ሲል ረዳቱን በኃይለ ቃል አሸማቆታል፤ ረዳቱም የአለቃውን ስሕተት እያየ ደፍሮ አልተቃወመም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ዝምታ ነው። ምክንያቱም አውቀዋለሁ። ያደግሁት ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ አንገቱን በሚደፋበት ቤት ነው። ያ ረዳት አብራሪ ቁጥሩ አልጠፋውም፤ የጠፋው «ጌታዬ፣ ይበቃል!» የሚለው ቃል ነው።

ዛሬ ሴት ልጄ «አባዬ፣ ተሳስተሃል» ስትለኝ አልቆጣትም። «እንዴት?» ብዬ እጠይቃታለሁ። ዘመዶቼ ልጅቷን አበላሸሃት ይሉኛል። ጨዋነት መልካም ነው፤ እኔም ስድ እንድትሆን አልሻም። ነገር ግን አንድ ቀን ከፊት ያለውን ተራራ እርሷ ቀድማ ብታየው፣ እኔን አክብራ ዝም እንድትል አልፈልግም።