ለእናቶቻችን የሚመች የዕቃ ማድረሻ አፕ ፍለጋ

በሆል ሆልም በአሊ አዴም ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እኛ በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ በዋራበሌ የምንኖር ጥቂት ስደተኞች ነን። ዛሬ ልናጫውታችሁ የፈለግነው ከጥቂት ወራት ወዲህ ስለያዝነው ሥራ ነው። ምግብና ዕቃ በሞባይል አዝዞ ቤት ድረስ የሚያስመጣ አፕ እንዴት ቢሠራ ለእኛ ሰው ይመቻል? ይህንን ነው የምናጠናው።

«ደግሞ አፕ ምን ያደርግላችኋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሰፈር እንጀራ ጋግረው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ደንበኞቻቸው ግን በየሰው ቤትና በየምግብ ቤቱ ተበትነው የሚሠሩ ወገኖች ናቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ እንጀራ ተሸክሞ በሚኒባስ ገዢ ፍለጋ መዞር ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ያልተሸጠው ይደርቃል፣ ድርቆሽ ይሆናል። ከድርቆሽ ደግሞ የቤት ኪራይ አይወጣም። የጅቡቲ መንግሥት በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው የስደተኞች ሕግ የመሥራት መብታችን ታውቋል። ይሁን እንጂ መብት እንጀራ የሚሆነው ሻጭና ገዢ ሲገናኙ ነው።

ሥራው ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ በ2015 እ.ኤ.አ. ደሊቨር አዲስ የተባለውን የምግብ ማድረሻ ድርጅት የጀመረው ፈለግ ፀጋዬ፣ ወላጆቹ ስደት ላይ ሳሉ አሜሪካ የተወለደ ልጅ ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድም አለ። የራይድ ታክሲ የሚጠራው በአፕ ብቻ አይደለም፤ 8294 ደውሎ በአፍ ማዘዝም ይቻላል። ኬንያ ውስጥም ኤም ፔሳ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ባለ ቁልፍ በሆነ ተራ ስልክ ይሠራ ነበር፤ ገበሬውም የጉልት ሻጯም የተጠቀሙበት ለዚህ ነው። እኛም ከእነዚህ የወሰድነው ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፤ ሰውየው ከስልኩ ጋር እንዲታገል ሳይሆን ስልኩ ለሰውየው እንዲመች ማድረግ።

ታዲያ ጥናቱን በምን ገንዘብ ትሠራላችሁ አትሉንም? በወረቀትና በእርሳስ! የስልኩን መስኮት አንድ በአንድ ወረቀት ላይ እንሥላለን። ከዚያ አንዲት እናት ፊት እናስቀምጥና «አሥር እንጀራ ይዘዙ» እንላለን። በጣታቸው የነኩትን እያየን የሚቀጥለውን ወረቀት እናቀርባለን። እኛ አንናገርም፣ አናግዝም፤ የት ላይ እንደቆሙና የት ላይ እንደተጠራጠሩ ብቻ እንጽፋለን። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የዚህ ሙያ አዋቂ በ2000 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ፣ አምስት ሰው ብቻ ቢሞክረው አብዛኛው ችግር ይወጣል ብሏል። እውነቱን ነው! አምስት እናቶች ብዙ አስተማሩን።

መጀመሪያ የአድራሻ ነገር። እዚህ ማንም የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይጠራም። «ከመስጊዱ ወረድ ብለህ፣ ሰማያዊ በር ካለው ሱቅ ጎን» ነው መልሱ። እንኳን ቤቱ፣ ሰፈሩም ፔካ ዱዝ ተብሎ በኪሎ ሜትር ይጠራል። ስለዚህ «አድራሻ ይጻፉ» የሚለውን ትተን «ተጭነው ይናገሩ» የሚል ማይክ ሣልን። አድራሹ ድምፁን እየሰማ ይመጣል። ማንበብ የማይችሉትም እንደ ማንም ሰው ያዝዛሉ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። እኛ «ስምንት ሰዓት» ስንል ከምሳ በኋላ ማለታችን ነው። መሥሪያ ቤቱና ስልኩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሄዱ ስምንት ብሎ የጻፈ ደንበኛ ጠዋት በሩ ሊንኳኳ ይችላል። እናም ከቁጥሩ ጎን ሥዕል ገባ፤ ለጠዋት የምትወጣ ፀሐይ፣ ለቀትር አናት ላይ ያለች ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሁሉም የጠየቁን «መጨረሻ ላይ ስንት ይሆናል?» ብለው ነው። ዋጋው ከነማድረሻው በጅቡቲ ፍራንክ፣ ከማዘዝ በፊት፣ በትልቁ እንዲታይ አደረግን። «ባለ አምስት ሺህ ነው የያዝኩት» የሚል ምልክትም አለበት፤ አድራሹ ዝርዝር ይዞ እንዲመጣ።

ከሁሉ የከበደን ግን አንዲት እናት የጠየቁን ነው። ወረቀቱን ገፋ አደረጉና «ቤቴን ማን ማን ያየዋል?» አሉን። ስደተኛ ለምን እንዲህ እንደሚጠይቅ ለእናንተ አንነግርም፤ ታውቁታላችሁ። አንዳንዱ የሸሸው ሰው አለ፤ አንዳንዷ ብቻዋን ከልጆቿ ጋር ናት። ስለዚህ የስደተኛ መታወቂያ ቁጥር አንጠይቅም። ሙሉ ስምም አያስፈልግም፣ የሚጠሩበት ስም ይበቃል። ድምፁና ቦታው ዕቃው እንደደረሰ ይጠፋል። የማያውቁት ሰው በራቸው ላይ እንዲቆም የማይፈልጉ ደግሞ «ከሱቁ እወስዳለሁ» የሚለውን ይነካሉ። አንዳንድ ወዳጆቻችን «መረጃ ካልያዛችሁ ሥራው እንዴት ያድጋል?» ብለውናል። እኛ ግን የሚያስፈራ ነገር ማንም አይጠቀምበትም እንላለን፤ የጎረቤትን ምሥጢር የሚያወጣ መልእክተኛ ሁለተኛ አይላክም።

አፑ ገና በወረቀት ላይ ነው። ባለ ተራ ስልኮቹም እንዳይቀሩ በጥሪ የሚያዝዙበትን መንገድ አብረን እያሰብን ነው፤ ደውለው ይነግሩናል፣ ከእኛ አንዱ ይመዘግብላቸዋል። አሁን የሚቀረን የእናንተ የካምፖቹ ሐሳብ ነው። ከከተማ ወደ ካምፕ ዕቃ ሲላክ የሚያስቸግራችሁ ምንድነው? ማን ቢቀበልላችሁ ታምናላችሁ? እናቶችንና ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ በዚሁ ጋዜጣ አዘጋጆች በኩል ላኩልን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሥራውን ተካፈሉን።

በሉ፣ ቸር ሰንብቱ!