ኮምጣጣ መሬት ላይ ማዳበሪያ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ዛሬ ስለ ዘርና ስለ ፀረ አረም አይደለም የምጽፍላችሁ። ሲያብሰለስለኝ የከረመ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ። የማይስማማ ይከራከረኝ።

ሰኔ ሲቃረብ ወሬው ሁሉ ማዳበሪያ ነው። መጣ፣ አልመጣም፣ ለእኔ ስንት ኩንታል ደረሰኝ። አይፈረድም፤ ዋጋው ወገብ ያጎብጣል። ግን መሬቱ ያንን ማዳበሪያ ይቀበለዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አላይም። ደጋና ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ ያላችሁ፣ አዊ በሉት፣ ምሥራቅ ጎጃም በሉት፣ ወለጋ በሉት፣ ነገሩን ከእኔ በፊት ታውቁታላችሁ። አባቶቻችን "መሬቱ ኮመጠጠ" ይላሉ። ገብሱ ቀጭጮ ይቀራል፣ ባቄላው አይቋጥርም፣ በኋላ ማሳው ከእንግዶና ከግብጦ በቀር እምቢ ይላል። ኮሌጅ "ፒኤች ከ5.5 በታች" ብለው ያስተማሩን ይሄንኑ ነው።

ዝናቡ ካልሲየሙን እያጠበ ወደ ታች ይወስደዋል። ገለባውን ለከብት፣ ኩበቱን ለምድጃ ስንወስድ ደግሞ ለመሬቱ የሚመለስለት የለም። ዩሪያም በየዓመቱ ሲደጋገም ኮምጣጣነቱን ይጨምራል። አፈሩ ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው አሉሚኒየምና ብረት ከኤንፒኤሱ የምታገኙትን ፎስፈረስ አንቆ ይይዘዋል። በዱቤ የገዛችሁት ማዳበሪያ እዚያው አፈር ውስጥ አለ፣ ሰብሉ ግን አልበላውም።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። የግድግዳውን ማለቴ አይደለም፤ ለእርሻ የሚሆነው ተፈጭቶ የላመ የኖራ ድንጋይ ነው። ከዘር አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። በልኩ ከገባ ለአራት አምስት ዓመት ያገለግላል።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? ስብሰባ ላይ የሚሰጠው መልስ "አርሶ አደሩ ግንዛቤ የለውም" ነው። እኔ አይዋጥልኝም። ሒሳቡን ተመልከቱት። ለአንድ ሄክታር ማዳበሪያው ሁለት ሦስት ኩንታል ቢሆን ነው፤ ክፉኛ የኮመጠጠ መሬት ግን 30 ኩንታል ኖራ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን ስልሳ ጭነት ነው! ከመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት የሚርቅ ገበሬ ይሄን በግንዛቤ አይሸከመውም። የአባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ሞልቶታል። የጎደለው መፍጫው፣ መኪናውና መንገዱ ነው፤ ይሄ ደግሞ የመንግሥት ሥራ እንጂ የእናንተ አይደለም።

ሌላም አለ። በእኩል ወይም በኮንትራት የሚያርስ ሰው ለአንድ ዓመት በያዘው መሬት ላይ ለአምስት ዓመት የሚሆን ኖራ አይበትንም። ሞኝ አይደለም። ባለመሬቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ አቅም የሌላት እናት ናት። ውሉ ረዘም ብሎ፣ በጽሑፍ ሆኖ፣ የኖራው ወጪ ለሁለቱም ቢካፈል መሬቱ ባለቤት ያገኛል። ከላይ የሚመጣው ፎርምም ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሠራጨ ብሎ ይጠይቃል፤ ስንት ጥማድ መሬት ታከመ ብሎም ቢጠይቅ የእኛ የባለሙያዎቹ እግርም ወደዚያ ይዞር ነበር። (ገብስ እምቢ ቢለው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል የሚሸጠውን የአዊ ገበሬ አልወቅስም። ሌላ ምን ምርጫ ሰጠነው?)

በጣም የሚቆጨኝ ግን ትምህርቱ ነው። ልጆቻችሁ ኬሚስትሪ ላይ አሲድና ቤዝ ይማራሉ። ሊትመስ ወረቀት አሲድ ሲነካው ቀይ ይሆናል ብለው ለፈተና ይሸመድዳሉ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለው የአባታቸው ማሳ አሲድ መሆኑን ግን የሚነግራቸው የለም። ቤት ሲገቡ ደግሞ "ካልተማርክ ሞፈር ነው የምትጨብጠው" ይባላሉ፣ እርሻ ቅጣት ይመስል። ለአንድ ትምህርት ቤት ጥቂት የፒኤች መለኪያ ቢሰጥና ተማሪዎቹ ከመምህራቸው ጋር የቀበሌውን ማሳ እየዞሩ ቢለኩ፣ ልጁም ኬሚስትሪው ይገባዋል፣ አባትም የመሬቱን ሕመም ያውቃል። እኔ ብቻዬን ስንቱን ማሳ አዳርሳለሁ?

መንግሥት እስኪያደርገው ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። የምድጃ አመድ ለጓሮ ማሳ ይጠቅማል፣ አትድፉት። ኮምፖስት አዘጋጁ። ኖራና ዩሪያ አንድ ላይ አትበትኑ፣ ዩሪያው ተንኖ ይጠፋል። ከሁሉ በፊት አፈሩን አስመርምሩ፣ የኖራው ልክ የሚታወቀው በምርመራ ነውና። በማሳው ውስጥ እየተጠማዘዛችሁ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እየቆፈራችሁ አፈር ውሰዱ። አመድ ከተደፋበት፣ ከብት ካደረበትና ከዛፍ ሥር አትውሰዱ። ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ቀላቅላችሁ፣ አንድ ኪሎ ያህሉን በጥላ አድርቃችሁ፣ ስማችሁንና የማሳውን ስም ጽፋችሁ በቀበሌያችሁ ላለው ባለሙያ ስጡ። መሬቱ ጦም ባለበት በበጋው ወራት ቢሆን ይመረጣል።