ጉና ላይ ጉም ሲወርድ



ባለፈው ዓመት ከሦስት የጀመዓ ወንድሞች ጋር ከደብረ ታቦር ተነስተን ጉና ተራራ ወጣን። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ኔትወርክ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ዶርም እያለሁ የአካባቢውን ካርታ ኦስምአንድ በተባለው አፕ ትንሿ ታብሌቴ ላይ አውርጄ ነበር። ጂፒኤስ የሚፈልገው የሳተላይት ምልክት እንጂ ኢንተርኔት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ፤ አጠገባችን ያለው እንኳ አልታይ አለን። ታብሌቷ ግን ያለንበትን ቦታ አሳየችን። ጥቂት ተራምደን አቅጣጫችንን ካርታው ላይ አየንና ቂብላውን ለየን፤ ከሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ነው። ዐስርን ሰገድን።

ከዚያ ወደ መኪና መንገዱ ለማሳጠር ብዬ ቀጥታ ቁልቁል መራኋቸው። በግ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ድምፃችንን ሰምተው ጮሁ፦ «ልጆቼ፣ ቁሙ! ገደል ነው!» ካርታው ላይ ገደል የሚባል አልነበረም። በጓሮ በኩል አዙረው እስከ መንገዱ አደረሱን።

ወንድምና እህቶች፣ ሰበቡን ማድረስ ከእኛ ነው፦ ካርታ አውርዱ፣ ፓወር ባንክ ያዙ። የአገሩን ሰው መጠየቅም ሰበብ ነው፤ እኔ ያን ረስቼ ነበር። አላህ ለእኚያ አባት መልካም ምንዳቸውን ይክፈላቸው።