ስለ ትንንሽ በርሜሎች ዝገት

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ማንበብ የለመዳችሁ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ ዛገ በርሜል መጻፋችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገሩ ግን የቤተሰብ ነገር መሆኑን ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ወገን፥ ሲኤምሲ በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ቤት፥ ከሥራ መልስ የምናዘወትረው አንድ የእጅ ሥራ አለን። ይኸውም የአንድን ስፍራ መልክ 35 ጊዜ አሳንሶ በሣንቃ ላይ መሥራት ነው፤ ዲዮራማ ይሉታል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የያዝነው በአሰብ መንገድ የነበረውን አንድ የመኪና ማደሪያ ግቢ ነው። ይህን የመረጥነው አባታችን በዚያ መንገድ ብዙ ዘመን ቦቴ ሲነዱ ስለ ኖሩ ነው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ተከፍቶ በ1997 ተዘጋ፤ በ1998 ጦርነቱ ሲነሣም የአገራችን ዕቃ በአሰብ መግባቱ ቀርቶ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባታችንም ያን ጊዜ መሪውን ለቀቁ። አሁን ዕድሜያቸው ገፍቶ ማስታወስ እየተሳናቸው ሄዷል። የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያለዋውጣሉ፤ አንዳንድ ቀንም እኛን በሟቹ ወንድማቸው ስም ይጠሩናል።

ለግቢው 12 በርሜል አስፈለገን። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ቁመቱ 88፥ ስፋቱም 58 ሳንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በ35 ሲካፈል ቁመቱ 25 ሚሊሜትር፥ ስፋቱም ከ16 እስከ 17 ሚሊሜትር ይወጣል። በሰፈራችን ቤት የማይሠራበት ጊዜ የለምና፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ባለ 16 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ከየግንባታው ደጃፍ ለቅመን ልክ ሆኖ አገኘነው። ወገቡን በሁለት ስፍራ በቀጭን የመዳብ ሽቦ አሠርን፤ ክዳኑን ከአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ቆረጥን። እነዚህ ሁለት ቀለበቶች ያሉት የብረት በርሜል በ1905 በአሜሪካ በሄንሪ ቨርሃን ስም የተመዘገበ ሲሆን፥ ፋብሪካውን ታስተዳድር የነበረችው ዓለምን በ72 ቀን የዞረችው ጋዜጠኛ ኔሊ ብላይ ነበረች። ጋዜጣ ስለ በርሜል ቢጽፍ ከዘመድ ወገን ነው ለማለት ያህል ነው።

ቀለሙ እንዲህ ነው። አስቀድሞ በርሜሉ በሙሉ የዝገት መልክ ባለው ቡናማ ቀለም ይቀባል። ከደረቀ በኋላ በውሃ ረጠብ ተደርጎ የወጥ ቤት ጨው ይነሰነስበታል፤ ጨው ለበርሜል ሲሰጥ አይታ የማታውቀው የቤታችን እመቤት በዚህ ሣቀች። ጨው የያዘው በርሜል ሲደርቅ ሰማያዊው ቀለም በላዩ ይቀባል። ከዚያም በእርጥብ ብሩሽ ሲታሽ ጨው የነበረበት ስፍራ ሁሉ ይላጥና ሥሩ ያለው ዝገት ይታያል። በመጨረሻ በአኳራጅ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም ወደ ስንጥቁ ይለቀቃል። 12ቱንም እንዲህ አድርገን ጨርሰን በሥራችን ተደሰትን።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ አባታችን ወደ ጠረጴዛው ቀርበው አንዱን በርሜል በሁለት ጣታቸው አነሡና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፥ «ይህ የት የቆመ ነው?» አሉን። «በግቢው ነው፥ አባባ» ብንላቸው፥ «ግቢውስ የት ነው? አሰብ ነው ወይስ ኮምቦልቻ?» አሉ።

እኛ ይህን አላሰብንበትም ነበር። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ አስረዱን፤ «አሰብ ከሆነ የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፤ በርሜሉም የሚዝገው ባሕሩን በሚያይበት ጎኑ ነው። በረድፍ የቆሙት ሁሉ በአንድ ወገን ይቀላሉ። ኮምቦልቻ ከሆነ ግን ዝናሙ ክዳኑ ላይ ይቋጠራል፤ ከላይ ከጠርዙ ውስጥ ይጀምርና ከታች ደግሞ ጭቃው ይበላዋል። አንተ ግን ፈንጣጣ እንዳለቀቀው ፊት ዙሪያውን አዥጎረጎርኸው።» ቀጥለውም ሙሉ በርሜል እየተንከባለለ እንጂ በሸክም እንደማይሄድ፥ ሲንከባለልም መሬት የሚነካው ቀለበቱ ስለ ሆነ በዚያ ስፍራ ቀለም እንደማይቆይ አመለከቱን።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን የመጨረሻው ነው። የሞተር ዘይት ያለበት በርሜል በደጅ ሲቀመጥ አይቆምም፤ ሁለቱ መክፈቻዎቹ ግራና ቀኝ በአንድ ልክ እንዲሆኑ ተደርጎ ይጋደማል። ቢቆም፥ ቀን በፀሐይ የነፋው አየር ሌሊት ሲበርድ ይሰበሰብና ክዳኑ ላይ የተቋጠረውን ውሃ በመክደኛው ጥርስ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ዘይቱም ይበላሻል። በኋላ ስለ ዘይት አያያዝ የተጻፈውን ስንመረምር ነገሩ እንዳሉት ሆኖ አገኘነው።

በዚያ ቀን ቡሬን፥ ማንዳን፥ ሚሌን፥ ባቲን እየጠሩ አንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ። አንዱንም ስም አላሳሳቱም። ማታ ራት ሲቀርብ ግን እንደ ገና በወንድማቸው ስም ጠሩን፤ እኛም አቤት አልን።

የ12ቱን በርሜሎች ቀለም ፍቀን እንደ አዲስ ጀመርን። ግቢውን ኮምቦልቻ አደረግነው። 10ሩ ተጋደሙ፤ ሁለቱ ባዶዎች ቆሙ፤ ዝገቱም በክዳንና በግርጌ ሆነ። አባታችን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና፥ ከበሩ አጠገብ ያለው ክዳኑ የተቆረጠ የውሃ በርሜል እንደ ነበረ፥ ለመንገደኛ መጠጫም ጣሳ በሽቦ ታስሮ ይንጠለጠልበት እንደ ነበረ ነገሩን። ክዳኑን ቆርጠናል፤ ሽቦውንም አስረናል። ጣሳው ግን በዚህ ልክ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚሆን፥ ሁለት ጊዜ ሠርተን ሁለት ጊዜ ከጣታችን አምልጦ ምንጣፍ ውስጥ ጠፋ። አባታችን ቁርስ ሳይቀርብ ወደ ጠረጴዛው ይመጣሉ፤ ዐይናቸውን ወደ በሩ አድርገው፥ «ጣሳውስ?» ይላሉ።