ኮምፒውተር ከነደፈው እኔ ምን ልሠራ ነው?

ዘንድሮ ለማስተርስ ሳመለክት አናሎግ ሰርኪውት ዲዛይንን መረጥኩ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ አብረውኝ ከጀመሩት ሐበሾች አብዛኞቹ ወደ ሶፍትዌር ሄደዋል። እነሱም፣ አገር ቤት ያለው አጎቴም የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦ «ይሄንንስ ኮምፒውተር አይሠራውም ወይ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ስምንት ትራንዚስተር ያለውን አምፕሊፋየር እንውሰድ። የእያንዳንዱ ወርድና ርዝመት መወሰን አለበት፤ 16 ቁጥሮች ማለት ነው። ለእያንዳንዱ 10 አማራጭ ብቻ ብንሰጥ እንኳ፣ በሰከንድ 1,000 ንድፍ እየሞከርን ሁሉንም ለማዳረስ ከ300,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። በዚያ ላይ አንዱን ስናሻሽል ሌላው ይበላሻል፤ ፍጥነት ሲጨምር ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

ስለዚህ ፍለጋውን ለፕሮግራም እንሰጠዋለን። ጄኔቲክ አልጎሪዝም የሚባለው ዘዴ ብዙ ንድፎችን በዘፈቀደ ያወጣል፤ ይፈትናቸዋል፤ የተሻሉትን እያዳቀለ ትውልድ በትውልድ ያሻሽላል። መፈተኛው ብዙ ጊዜ በ1973 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የስፓይስ ዝርያ ነው። በእጅ ቀናት የሚወስድብኝን ሥራ ማታ አስጀምሬው እተኛለሁ፤ ጠዋት ውጤቱን አገኛለሁ።

ታዲያ ለምን ቀረሁ? በ1990ዎቹ አጋማሽ አድሪያን ቶምፕሰን በእንግሊዝ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ዘዴ በእውነተኛ ቺፕ ላይ ሞከረው። 1 ኪሎኸርዝን ከ10 ኪሎኸርዝ የሚለይ ሰርኪውት በ100 ሴሎች ብቻ ተገኘ። ግን ከውጤቱ ጋር በምንም መስመር ያልተገናኙ ጥቂት ሴሎች ሲነኩ ሥራው ይበላሽ ነበር። ሙቀቱ ብዙ ሲለወጥ ይደክማል፤ ወደ ሌላ የቺፑ ክፍል ሲዛወርም እንደ መጀመሪያው አልሠራም። ፕሮግራሙ ያደረገው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ሲሞቅም ሲበርድም ሥራ» ያለው አልነበረም።

የእኔ ሥራ እዚያ ላይ ነው። የልብ ምት መለኪያ በሰመራ ሙቀትም በደብረ ብርሃን ብርድም እኩል መሥራት አለበት። ይህን አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ ውጤቱንም አይቶ «ይህስ አይታመንም» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ቤተሰብ እጄን እየጠበቀ ሁለት ዓመት ደመወዝ ማዘግየት ቀላል አይደለም። ቢሆንም መርጫለሁ። በዚህ ሴሚስተር ሰርኪውት የምትወስዱ፣ የእጅ ስሌቱን አትናቁት። ጠዋት ኮምፒውተሩ የሚሰጣችሁን መልስ የምትመዝኑት በእሱ ነው።