ሕፃን በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ፤ በባሌና በሚኒሶታ

ከባሌ ወጥቶ በሚኒሶታ የሚኖር ወላጅ ልጁን ወደ ጥርስ ሐኪም ሲወስድ፣ ከመሣሪያው ብዛትና ከክፍሉ ጽዳት አስቀድሞ ልቡን የሚነካው፣ አንድ ሕፃን ለቅጽበት እንኳ በከንቱ እንዳይሠቃይ ተብሎ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ልጄን መንጋጋዋን ባመማት ጊዜ ሐኪሟ ድዷን በጥጥ አድርቃ የሚያደነዝዝ ቅባት ቀባቻት፤ ቅባቱም እስኪሠራ ድረስ ስለ ቤታችን ድመት እያጫወተቻት ቆየች፤ ከዚያ በኋላ መርፌ የሌላትን፣ ብዕር የምታክል መሣሪያ አስቀድማ በአየር ላይ ተኩሳ ድምፅዋን አሰማቻት፤ ልጅቱም «እንደገና!» ብላ ከሳቀች በኋላ መሣሪያዋ በድዷ ላይ ስትተኮስ ትከሻዋን ብቻ ሰበቀች።

የዚህች መሣሪያ ጥበብ፣ ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 እ.ኤ.አ. የቀመመውን ሊዶካይን የተባለ ማደንዘዣ በሞላ ወይም በታመቀ ጋዝ ኃይል ገፍቶ፣ እጅግ በቀጠነ ቀዳዳ በታላቅ ፍጥነት በማውጣት፣ መድኃኒቱ ራሱ ሥጋውን ዘልቆ እንዲገባ ማድረግ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ በአፍንጫ የሚነፋ የላይ ጥርስ ማደንዘዣ ተፈቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ክብደታቸው 40 ኪሎ ለሞላ ብቻ በመሆኑ ትንንሾቹን አልጠቀመም።

በባሌዋ ሲናና ያደግን ሰዎች የምናውቀው ሥርዓት ሌላ ነው። ልጅ ባስቸገረ ቁጥር «ዝም ካላልህ ሐኪም በመርፌ ይወጋሃል» ሲባል ይኖርና፣ ጥርሱ በታመመ ቀን እናት ራሱን፣ አጎት እግሩን ይዘው «አይዞህ፣ ጎበዝ ነህ» እያሉ፣ ለዓመታት ሲፈራው ወደ ኖረው ሰው እጅ ያስረክቡታል። ከዚህም የከፋው፣ በብዙ የኢትዮጵያ ገጠሮች ጨቅላ ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው፣ ምክንያቱ ገና ያልበቀለው ክራንቻ ነው ተብሎ፣ ያለ ማደንዘዣ ድዱን በስል ነገር ፈልፍሎ የጥርሱን ቡቃያ የማውጣት ልማድ ነው፤ ይህም ደም ያፈስሳል፣ ቍስሉን ያመረቅዛል፣ በኋላ የሚመጣውንም ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የወተት ጥርስ በማውጣት ሕፃንን ለሞት ወይም ለጉዳት መዳረግን በስም ጠርቶ ያስቀጣል።

በባሌ ከተሞች በሮቤና በጎባ የሚያክሙ ባለሙያዎች ርኅራኄ ጐድሏቸዋል የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ወረፋው ረጅም፣ ዕቃው ጥቂት ነው። መርፌ አልባዋም መሣሪያ ብትሆን ውድ ከመሆኗ በላይ፣ ነርቩ በጥልቅ ለሚገኝበት ለታች መንጋጋ ብዙ ጊዜ አትበቃም፤ ድምፅዋም አንዳንዱን ሕፃን ከመርፌው ይልቅ ያስደነግጠዋል። ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ባሌ መሻገር የሚገባው፣ ከመሣሪያዋ ጋር አብሮ ያየሁት ትዕግሥት ነው፦ ድዱን አድርቆ ቅባቱን አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት፣ በሮቤ የነሐሴ ብርድ የቀዘቀዘውን ማደንዘዣ ወደ ሰውነት ሙቀት ማቅረብ፣ መርፌው ግድ ሲሆንም ከሕፃኑ ዓይን ሰውሮ በዝግታ መግፋት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ደግሞ፣ በተቦረቦረው ጥርስ ላይ በብሩሽ ሲቀባ፣ ቦታውን ቢያጠቍረውም፣ ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ ብልሽቱን ሊያቆመው ይችላል።

በውጭ አገር የምትኖሩ የባሌ ልጆች ሆይ፣ ለክረምት ስትገቡ ከምትጭኑት ልብስና ጫማ አስቀድሞ፣ በአገር ቤት ያለውን የጥርስ ሐኪም ምን እንደ ጐደለው ጠይቁ፤ በሲናና ያላችሁም እናቶችና አባቶች፣ ከሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ «አስቀድሞ የሚቀባ ማደንዘዣ አለ ወይ?» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ልጃችሁንም በሐኪም ስም ማስፈራራት ተዉ።