እንጨቱ ደረቅ ነበር

ነቀምቴ ውስጥ ታፔላ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። ከጊምቢና ከነጆ ሳይቀር ሥራ ይመጣልኛል። ቀለም አውቃለሁ ብዬ ስኖር በአንዲት የእንጨት መርከብ ላይ ያጠፋሁትን፣ ከጥፋቱም የባሰውን ውሸቴን ዛሬ እናዘዛለሁ።

መርከቧን የሠሯት ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ያገለገሉባት «ኢትዮጵያ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ኦርካ» ተብላ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ የባሕር አውሮፕላኖችን ስታግዝ የቆየች መርከብ ናት። በጥር 1954 ዓ.ም. ለአገራችን ተሰጥታ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የዕጩ መኮንኖች መለማመጃ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሄዳ በዚያው ቀረች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጋሼ ያቺን መርከብ ከዋንዛ ጠረቧት። 95 ሜትሯን 95 ሳንቲ ሜትር አድርገው፣ መድፏንና ምሰሶዋን ሳይቀር በጩቤ ጫፍ አወጡት። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቀለሙን ለእኔ ተዉልኝ።

ስረከባት ገልብጬ አየኋት። ከሥሯ በእርሳስ «ዋንዛ፣ የካቲት 2001 ተቆረጠ» የሚል ጽሑፍ ነበረባት። እኔ ጋ የመጣችው በነሐሴ 2008 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ የደረቀ እንጨት ማለት ነው።

ለመስቀል የልጅ ልጆቻቸው ስለሚመጡ እንድትደርስ ፈልገው ነበር። እኔ ደግሞ የታፔላ ሥራ ተደራርቦብኛል። ባዶ እንጨት መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት መላግ፣ ከዚያ ሲለር መጠጣት፣ እንደገና በስሱ መላግ፣ ቀጥሎም የመሠረት ቀለም መቀባት አለበት። ያለዚያ እንጨቱ አንዱ ጋ ብዙ፣ ሌላው ጋ ጥቂት ቀለም ይጠጣል፤ መልኩ ይዥጎረጎራል። ይህን ሁሉ ዘልዬ በቆርቆሮ ላይ የለመድኩትን ግራጫ ሲንቴቲክ በቀጥታ ቀባኋት። በማግሥቱ በጣቴ ነካሁት፤ አልያዘኝም። በላዩ ላይ ቶሎ የሚደርቀውን ናይትሮ ነፋሁበት።

ሲንቴቲክ አታላይ ነው። ቆዳው ቢጠነክርም ሆዱ ለብዙ ቀን ርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በነቀምቴ ክረምት ደግሞ ይብስበታል። የናይትሮ ቲነር ኃይለኛ ስለሆነ ያልጠናውን ቀለም አሳብጦ ከሥሩ ያነሣዋል። ናይትሮው ከታች፣ ሲንቴቲኩ ከላይ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ዓይኔ እያየ የመርከቧ ጎን እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ተጨማደደ። በወፍራሙ ስለቀባሁም ጋሼ በጩቤ ጫፍ ያወጧቸው መስኮቶች ተደፈኑ።

ሊያዩ ሲመጡ፣ «ጋሼ፣ እንጨቱ ርጥበት ነበረበት፤ ቀለሙን ተፋው» አልኳቸው።

መርከቧን ገልብጠው ጽሑፋቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጽፌው ነበር እኮ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል።»

መርከብ ላይ ሰዓትና ቀን እየመዘገቡ ያደጉ ሰው ናቸው። በገዛ እጃቸው የጻፉትን ትተው እኔን አመኑኝ። ከዚያ ወዲህ የምጽዋን ነገር ሲያወጉ «ካልተሳሳትኩ» ማለት ጀመሩ። በደጃፋቸው ባለፍኩ ቁጥር ልነግራቸው አስብና ነገ እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ ስል ዐረፉ።

ልጃቸው «አባባ ይወዳት ነበር፤ አስተካክልልኝ» ብላ መርከቧን አመጣችልኝ። ቀለሙን በመፋቂያ አነሣሁት። ከሥሩ ዋንዛው አንዲት ስንጥቅ የለበትም። በዚህኛው ጊዜ ሲለሩን አጠጣሁ፤ መሠረቱን በስሱ ቀባሁ፤ እያንዳንዱን ቀለም በዚያው በዋንዛ ቁራጭ ላይ አስቀድሜ ሞከርኩ፤ በጋ ስለነበር በየመሐሉ ሳምንት ሳምንት ጠበቅሁ። በእርሳስ የተጻፈባትን ቦታ ግን ሳልቀባ ተውኳት።

ሳስረክባት ሁሉንም ለልጃቸው ነገርኳት። ጽሑፉን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ለእሱ ነግረኸው ነበር?» አለችኝ።

«አልነገርኳቸውም» አልኩ።